«ቆይ መጣሁ» በገደሉ አፍ

ማስነሻው ሞተሪኖ ዞረ። ዞረ፤ አሁንም ዞረ። መኪናዋ ግን ወይ ፍንክች! ሹፌሩ ቁልፉን ጨምድዶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ደረቱን መሪው ላይ ለጥፎ ጠመዘዘ። ከጎኑ የተቀመጠችው ታናሽ እህቱ በጨርቅ የተጠቀለለ የነሐስ ዕቃ ጭኗ ላይ አቅፋ የጋራዡን በር በሐፍረት ታያለች። በሩ ላይ ጎረቤቱ ሁሉ ተሰብስቦ ይስቃል።

«ኧረ ባትሪውን ገደልከው፣ ወንድም ጋሼ!»

«ባትሪው አዲስ ነው! ካንዴላውም አዲስ ነው! ሞተሪኖውም ተፈቶ ተሠርቷል! ከእንግዲህ የቀረኝ ራሴን መቀየር ነው።»

«እሱን አስቀድመህ ብታደርገው ጥሩ ነበር» አለች እህቱ።

በመጨረሻ ሞተሩ አንዴ ሳል አለ፣ ተንዘፈዘፈ፣ ጭስ ተፋና ተነሳ። በሩ ላይ የቆሙት አጨበጨቡ። ይህችን አሮጌ ፒክአፕ የከተማው ሰው «ቆይ መጣሁ» ነው የሚላት። ጠዋት ጠዋት እስክትነሳ ድረስ ሰፈርተኛው ቁርሱን በልቶ፣ እጁን ታጥቦ፣ ሐሜቱንም ይጨርሳል። አንዴ ከተነሳች ግን ከኋላዋ አቧራዋን እንጂ እሷን የሚያይ የለም። ሹፌሩም ይህንኑ ነው የሚወድላት፤ እሱ ራሱ ከመነሳቱ በፊት ካልደረሰ ደስ የማይለው ሰው ነውና።

ዛሬ ግን ቀልድ አልነበረም። ከደረቁ ሜዳ፣ ከወንዙ ጫካና ከገደሉ ማዶ፣ ሁለቱ የተወለዱበት መንደር ውሃ ካጣ ሰነባብቷል። ጉድጓዱ አልነጠፈም፤ ውሃውን የሚያወጣው ፓምፕ ነው የሞተው። ሰዉ ተማክሮ ዛሬ ፀሐይ ስትጠልቅ ግመሉን ጭኖ ሊሰደድ ቆርጧል። ሽማግሌው አባታቸው ብቻ እንዲህ ብለው ልከዋል፦ «እናታችሁ ያረፈችበትን ጥዬ የትም አልሄድም። ውሃው ከመጣ መጣ። ካልመጣ ጉድጓዱ አፍ ላይ እንደተቀመጥኩ ያገኙኛል።» አባታቸው ደግሞ ያሉትን የሚያደርጉ ሰው ናቸው። እህቱ በሙያዋ የጉድጓድ ፓምፕ ጠጋኝ ናት፤ ለፓምፑ የጎደለው ዕቃ ያ ጭኗ ላይ ያቀፈችው ነሐስ ነው። ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ አለባቸው፤ አለዚያ አባታቸው ብቻቸውን፣ ያለ ጠብታ ውሃ ይቀራሉ።

ጠብታ ካልን አይቀር፣ በሩ ላይ ከቆሙት መካከል አንድ ያልሳቀ ሰው ነበር። የውሃ ታንከር አለው። ጉድጓዱ ከቆመ ወዲህ ለመንደሩ ውሃ የሚሸጠው እሱ ነው፤ ለሚያለቅስ ሕፃን እንኳ በነፃ አንዲት ጠብታ ስለማይሰጥ ስሙ «ጠብታ» ሆኖ ቀርቷል። ጠብታ የነሐሱን ዕቃ አየ፤ የሽማግሌውን ልጆች አየ፤ ከዚያ ሁለት ጠብደል ረዳቶቹን ጠርቶ ታንከሩ ጋቢና ላይ ወጣ።

ፒክአፗ ከከተማው ወጥታ ሜዳውን ተያያዘችው። መንገድ የሚባል ነገር የለም፤ የጎማ ፈለግ ብቻ አለ። የከብት አጥሩ ሽቦ ጋ ሲደርሱ ሹፌሩ ሞተሩን አጥፍቶ ወረደ፣ ሽቦውን ፈታ፣ ተመልሶ ገባ። አንዴ ቢነካት ወዲያው ተነሳች።

«አየሽ? ገና ጤነኛ ናት!» አለ እየተኩራራ።

ብዙም ሳይርቁ አድማሱ ጠየመ። ቡናማ ግድግዳ ከምድር እስከ ሰማይ ቆሞ ወደ እነሱ ይገሰግሳል። ከፊቱ አንድ የበረሃ ቁጥቋጦ ተነቅሎ እየተንከባለለ አለፋቸው።

«አሸዋ! መስኮቱን ዝጊ!»

እህቱ መስኮቱን ስታሽከረክር ቀኑ ጨለመ። ሹፌሩ የአየር ማጣሪያው በአሸዋ እንዳይታፈን ሞተሩን አጠፋ። ነፋሱ መኪናዋን ከጎን መትቶ ናጣት፤ ጠጠር በሩን ደበደበው፤ አሸዋው በማይታይ ቀዳዳ እየገባ ጥርሳቸው ላይ ተንኳኳ። በሻሻቸው ፊታቸውን ሸፍነው ተጎንብሰው ጠበቁ። ሹፌሩ መጠበቅ አይችልም፤ በየደቂቃው ቀና እያለ መስታወቱን ያያል።

ነፋሱ ሲያልፍ ፈለጉ ሁሉ ተደፍኖ ሜዳው አዲስ ሜዳ ሆኗል። ቁልፉን በአንድ ምት ጠመዘዘ። ሞተሪኖው እንደ ጎበዝ ዞረ፤ ሞተሩ ግን ዝም። እንደገና። ዝም። የመኪናዋ ጥላ ፈቀቅ እስኪል ድረስ ታገላት፤ ሳል አለች፤ ተነሳች።

እህቱ ግንባሯን ቋጠረች። «ወንድም ጋሼ፣ ሽቦው ጋ ስታጠፋት ወዲያው ተነሳች። አሁን ግን ብዙ ቆየን። መኪናህ ስትቆም ሳይሆን ስትቆይ ነው የምትታመመው።»

«ደግሞ ሐኪም ሆንሽ?»

«ሞተሪኖው በኃይል ይዞራል። ባትሪ አይደለም።»

«ሁሉም ሰው ባትሪ ነው ብሏል!»

«ሁሉም ሰው በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል እንጂ ኮፈኑን ከፍቶ ያየ አለ?»

ሹፌሩ እንደ ልማዱ ነዳጁን ረገጠ። ፒክአፗ በጉብታው ላይ ዘለለች፣ ወረደች፣ ደግማ ዘለለች። ያባከኑትን ጊዜ ለማካካስ በወንዙ ጫካ ሊያቋርጥ ወሰነ። ጠብታ በሰፊው ዙሪያ መንገድ ታንከሩን እያንጓጓ እንደሚጓዝ ርቆ ከሚታየው አቧራ አውቀዋል፤ በዚህ ሜዳ ያን ያህል አቧራ የሚያስነሳ የሱ ታንከር ብቻ ነው። ጫካው አጭር ነው፤ ሰው የማይገባበት ግን በምክንያት ነው።

ዛፎቹ ከላይ ተሳስረው ፀሐዩን ዘጉት። ቅርንጫፍ መስታወቱን ጠረገው። ወንዙ ደርቆ የአሸዋ አልጋው ብቻ ቀርቷል፤ እሱን አጋምሰው ሲሄዱ ከፊት ለፊታቸው አንድ ትልቅ ግራጫ ነገር ከጫካው ወጣ። ከዚያ ሌላ። ከዚያም ሌላ።

«ዝሆን!» አለች እህቱ በሹክሹክታ።

በዚያ ጫካ የሚያልፉ ሹፌሮች ደንብ አላቸው፦ ዝሆን ካየህ ሞተርህን አጥፋ፣ አፍህን ዝጋ፣ መንገዱ የሱ ነው። ሹፌሩ አጠፋ። መንጋው አንዳንዱ በፊታቸው፣ አንዳንዱ በኋላቸው፣ ሳይቸኩል መሻገር ጀመረ። ምድር ሲነቃነቅ ከመቀመጫቸው ሥር ይሰማቸዋል። አንዱ ኩምቢውን ዘርግቶ ኮፈኑን አሸተተና ንቆት ሄደ።

መጨረሻ ላይ ግልገል ያላት አንዲት እናት ቀረች። ግልገሏ መኪናዋን ሊያይ ቀረብ አለ። እናትየዋ ዞረች። ጆሮዎቿ ተዘረጉ።

«ወንድም ጋሼ...»

«አይቻለሁ!»

ጠመዘዘ። የሞተሪኖው ጩኸት ጫካውን ሞላው፤ እናትየዋን ይበልጥ አስቆጣት። ኩምቢዋን ሰቅላ ጮኸች፤ መጣች! ሹፌሩ በድንጋጤ ቁልፉን ለቀቀው፣ ጠመዘዘው፣ ለቀቀው፣ ጠመዘዘው፣ ደግሞ ለቀቀው። ዝሆኗ ጥርሷን ከመኪናዋ ኋላ ሰክታ ወደ ላይ አነሳች፤ የኋላ ጎማዎቹ ከአሸዋው ተላቀቁ። አራተኛው ጥምዘዛ ላይ ሞተሩ ድንገት አጓራ። መኪናዋ ከጥርሱ ላይ ተንሸራታ ወደቀች፤ ጎማዎቹ አሸዋውን ነከሱ፤ ተፈተለከች። ቅርንጫፍ ሰብረው፣ ሥር ዘለው፣ ጫካውን ጥሰው ብርሃን ላይ ወጡ።

ከዚያ እህቱ ሳቀች፤ እንባዋ እየወረደ ሳቀች። ሹፌሩም ሳቀ። በሕይወት መኖር እንዲህ ደስ እንደሚል ረስተውት ነበር።

«ግን ሰማህ?» አለች እንባዋን እየጠረገች። «አንዴ ረጅም ስትጠመዝዝ እምቢ አለች። ቶሎ ቶሎ እየለቀቅህ ስትነካካት ተነሳች። በየመሃሉ ደግሞ ከኋላ በኩል ትንሽ ድምፅ አለ። እምምም ይልና ዝም ይላል።»

«በዚያ ሰዓት እኔ የሰማሁት የዝሆን ድምፅ ነው!»

«የቤንዚን ፓምፑ ነው፤ ታንኩ ውስጥ ያለው። ቁልፍ በተከፈተ ቁጥር ትንሽ ይገፋና ያርፋል።» ጭኗ ላይ ያለውን ዕቃ መታ መታ አደረገችው። «የአባባ ጉድጓድ ምን ሆኖ የቆመ መሰለህ? ቧንቧው ግርጌ አንዲት ክዳን አለች። ውሃው ሲሳብ ትከፈታለች፤ ሲቆም ትዘጋለች፣ የወጣው ውሃ እንዳይመለስ። እሷ ስታረጅ ውሃው ተመልሶ ይወርዳል። በማግስቱ መጥተህ ፓምፑን ስትመታው ባዶ ቧንቧ ነው የምትሞላው። መጀመሪያ ቆይቶ ይመጣል ብለው ታገሡት፤ ኋላ ክዳኗ ጨርሳ ተሰበረች፤ ቀረ።»

«እና የኔ መኪና ጉድጓድ ናት?»

«ፓምፕ ፓምፕ ነው! ስታጠፋት ቤንዚኑ ቱቦው ውስጥ ተወጥሮ መቆየት አለበት። ያንተ ግን ወደ ታንኩ እየተመለሰ ነው፤ ግፊቱ ይረግባል። ለዚህ ነው ቶሎ ስትመለስ የምትነሳው፣ ስትቆይ የምትዘገየው።»

«ታዲያ ያን ድምፅ እስከ ዛሬ እንዴት አልሰማሁትም?»

«በምን ጆሮህ? ቁልፉን በአንድ ምት ነዋ የምትጠመዝዘው!»

ይህ እውነት ነበር። ሹፌሩ ሙያውን የተማረው በአሮጌ የጭነት መኪና ላይ ነው። ቁልፍ ማለት ለሱ በአንድ ምት ዳር የሚደርስ ነገር ነው፤ መሃል ላይ ቆም የሚል ሹፌር ጀማሪ ነው ብሎ ሲሳለቅ ኖሯል። የከተማው ሜካኒኮችም ዕቃ ከመቀየራቸው በፊት እስቲ ልስማ አላሉም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

«እንሞክረው» አለች እህቱ። «አቁም።»

«አብደሻል? ፀሐይዋን አታያትም?»

«ገደሉ አፍ ላይ ብትቆምብህስ? ምን እንደሆነች ሳናውቅ አንገባም።»

ከድንጋያማው ዳገት ራስ ላይ አቆመ። እህቱ ፒንሳ በጨርቅ ጠቅልላ ከኋላው ጎማ አጠገብ ተጋደመች። ልክ ሞተሩ ሲጠፋ፣ ከታንኩ የሚወጣውን የላስቲክ ቱቦ በፒንሳው ጨምቃ ያዘችው። መሬቱን አሸተተች፤ የቤንዚን ሽታ የለም፤ ስለዚህ ወደ ውጭ አይፈስም። ቆዩ። ሹፌሩ መኪናዋን ዞረ፣ ደግሞ ዞረ፣ ፀሐይዋን ተቆጣት። እህቱ እጇ እስኪዝል ያዘች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ግፊቱ ረግቦ የሚያልቅበት ያህል ሲቆዩ ቱቦውን ለቅቃ ተንከባልላ ወጣችና «አሁን!» ብላ ጮኸች።

ነካት። ወዲያው ተነሳች!

«ያዝኩሽ!» እህቱ አቧራዋን ሳታራግፍ ዘለለች። «ግፊቱ የሚያመልጠው በሞተሩ በኩል ቢሆን ኖሮ እዚህ ጨምቄ ብይዘውም ባልተነሳች ነበር! ወደ ኋላ ነው የሚመለሰው፤ የፓምፑ ክዳን ነው!»

«እና አሁን ምን እናድርግ?»

«ከተማ ስንመለስ ፓምፑን እንቀይራለን። እስከዚያ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ክፈትና ጠብቅ። እምምታው ዝም ሲል ዝጋ። ደግመህ ክፈት፣ ጠብቅ። ቱቦው ይሞላል። ከዚያ ነው የምታስነሳው። ጠብቅ ነው ያልኩህ፣ ወንድም ጋሼ። ቃሉን ታውቀዋለህ?»

«ስሙን ሰምቻለሁ» አለ ሹፌሩ።

ገደሉ ጋ ሲደርሱ ፀሐይዋ ወደ ምዕራብ ዘንበል ብላ ነበር። መንገዱ በአለቱና በአዘቅቱ መካከል ቀጭን ሆኖ ይጠመዘዛል። መታጠፊያውን ሲያልፉ ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ። የጠብታ ታንከር መንገዱን ተጋድሞ ቆሟል! ከጀርባው በአዘቅቱ በኩል አንዲት መኪና እንኳ ታልፋለች ለማለት የሚከብድ ክፍተት ቀርቷል። አንደኛው ረዳት የሰው ራስ የሚያህል ድንጋይ አንስቶ ከመስታወታቸው ፊት ቆመ።

«ሞተሩን አጥፋ፤ አለዚያ መስታወትህን አወርደዋለሁ!»

አጠፋ። ጠብታ እጁን ኪሱ ከትቶ እየተንጎራደደ መጣ።

«ደህና ዋላችሁ፣ ልጆች? መንገዱ አደገኛ ነው ብዬ ተጨነቅኩላችሁ። ያችን ዕቃ ስጡኝና በሰላም ተመለሱ።»

«ሰዉ ሊያልቅ ነው እኮ!» አለች እህቱ።

«እኔ አለሁላቸው አይደል? ውሃ አመጣላቸዋለሁ።»

«ሊሰደዱ ነው! ለማን ልትሸጥ ነው?»

«የተሰደደም ይጠማል» አለ ጠብታ። ከዚያም ጊዜ እንዳለው ሰው ስለ ሙቀቱ፣ ስለ መንገዱ፣ ስለ ሽማግሌው ግትርነት ያወራ ጀመር። ቁልፉን እንኳ አልነጠቀም። ለምን ይነጥቃል? መኪናዋን ያውቃታል። «ደግሞ ለማምለጥ አትሞክሩ» አለ ወደ ረዳቶቹ ዞሮ እየሳቀ፤ «እሷ እስክትነሳ እኛ መንደሩ ደርሰን እንመለሳለን!» ረዳቶቹ በሳቅ ፈነዱ።

እህቱ ወንድሟን በጎን አየችው። «እሺ» አለች ጮክ ብላ። «ግን ዕቃው ከባድ ነው፤ ቢወድቅ ይሰበራል። በሁለት እጅ የሚቀበለኝ ይምጣ።» ጨርቁን ቀስ ብላ ትፈታ ጀመር። ባለ ድንጋዩ ድንጋዩን መሬት አስቀምጦ በእሷ በር በኩል ዞረ። ሌላው ተከተለው። ጠብታም ነሐሱን ሊያይ አንገቱን አሰገገ።

ሹፌሩ ቁልፉን ግማሽ ድረስ ከፈተ።

እምምም አለ ከኋላ። የዕድሜ ልክ ልማዱ «ጠምዝዘው!» ብሎ ጣቱን ገፋው። አልጠመዘዘም። ድምፁ ዝም አለ። ዘጋ። ላብ ከቅንድቡ ዓይኑ ውስጥ ገባ። ደግሞ ከፈተ። እምምም። የረዳቱ እጅ የበሩን እጀታ ያዘ።

«ወንድም ጋሼ!»

«ቆይ!» አለ ሹፌሩ። በሕይወቱ ለሰው «ቆይ» ሲል የመጀመሪያው ነበር። ከመቶ ዝሆን ፊት መሮጥ ከዚህች ትንሽ መጠበቅ በቀለለው። ድምፁ ዝም አለ። ዘጋ፤ በሩ ሲከፈት ለሦስተኛ ጊዜ ከፈተ፣ እምምታውን እስከ መጨረሻው አዳመጠ፣ ነካት።

ተነሳች! ሳል የለ፣ መንዘፍዘፍ የለ፣ ገና ሲነካት!

ነዳጁን ረገጠው። እጀታውን የያዘው ረዳት ተገፍትሮ ተቀመጠ፤ ጠብታ አፉን ከፍቶ ቀረ። ፒክአፗ በታንከሩ ጀርባ ወዳለችው ክፍተት ተወረወረች። የጎን መስታወቱ ተመትቶ ረገፈ፤ ብረት ከብረት ተፋጭቶ ጮኸ፤ አንዱ የኋላ ጎማ ከመንገዱ ወጥቶ በባዶ አየር ዞረ፤ ጠጠሩ ወደ አዘቅቱ ሲወርድ ድምፁ ዘግይቶ ተሰማ። እህቱ ነሐሱን አቅፋ ጮኸች። ጎማው መሬት አገኘ። አለፉ!

«ይቺ ናት እንግዲህ መኪና!» ብሎ አጓራ ሹፌሩ መሪውን እየደበደበ። ከኋላቸው ታንከሩ በቀጭኑ መንገድ ላይ ለመዞር አንዴ ወደ ፊት፣ አንዴ ወደ ኋላ ይላል።

መንደሩ ሲደርሱ ግማሹ ግመል ተጭኖ ቆሞ ነበር። ጎጆዎቹ ባዷቸውን ናቸው። አባታቸው ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመዋል። ልጆቻቸውን ሲያዩ አንዴ ዓይናቸውን ጨፍነው ከፈቱ።

እህቱ ሰላምታ ሳትጨርስ ሥራ ጀመረች። ጎረምሶቹ ቧንቧውን እየተቀባበሉ ጎተቱ፤ የተሰበረችውን ክዳን ፈታች፣ አዲሱን ነሐስ አሰረች፤ ቧንቧውን መልሰው አወረዱ። ሹፌሩ የፓምፑን እጀታ ያዘና መታ። አየር። መታ። አየር ብቻ።

በዚያ መሃል የታንከር ጥሩንባ ተሰማ። ጠብታ ደረሰ! «ውሃ!» ብሎ ጮኸ ከጋቢናው። «ለስንቁ ውሃ የሚፈልግ ይሰለፍ!» ጀሪካን የያዙ ሰዎች ተያዩ። አንዷ እናት ሕፃኗን አዝላ ወደ ታንከሩ መራመድ ጀመረች፤ ሌሎች ተከተሏት።

ሹፌሩ እጀታውን ሊቀጠቅጠው ፈለገ። «በቀስታ» አለች እህቱ፤ «ቧንቧው ረጅም ነው፤ ገና እየሞላ ነው።» እሱ ግን ምክሯን ሳይጠብቅ ዝግ ብሎ ነበር። እኩል እኩል መታ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ሰዉ ሲሄድ ያያል፤ እጁ አልቸኮለም። ወደ ላይ፣ ወደ ታች። ድንገት እጀታው ከበደው።

«እህቴ... እጀታው ከበደኝ!»

«አትቁም!»

ከቧንቧው አፍ ትንፋሽ ወጣ፣ ዝገት ወጣ፣ ጭቃ ወጣ፤ ከዚያ ውሃ! ነጭ፣ ወፍራም፣ ቀዝቃዛ ውሃ ፈንድቶ የሹፌሩን ደረት መታው። መንደሩ በእልልታ ተናወጠ። ወደ ታንከሩ የሄዱት ጀሪካናቸውን እያንኳኩ እየሮጡ ተመለሱ። ግመሎቹ ራሳቸው ሽታውን አግኝተው ከነጭነታቸው ተንጋግተው መጡ። የታንከሩ ጥሩንባ ሁለቴ ጮኸ፤ ዞሮ ያየው አልነበረም።

እህቱ በእፍኟ ውሃ ቀድታ ለአባቷ አጠጣቻቸው። ሽማግሌው ጠጡ፣ ጺማቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ ሳያቋርጥ እኩል እኩል የሚመታውን ልጃቸውን ለረጅም ጊዜ አዩት።

«ይሄ ያ ችኩሉ ልጄ ነው?» አሉ።

«እሱ ነው፣ አባባ።»

«ማን እንዲህ አሳመረው?»

የሹፌሩ እንባና ውሃው ተቀላቅሎ አገጩ ላይ ወረደ፤ እጁ ግን አልቆመም። አባታቸው ምርኩዛቸውን ተክለው፣ ልጃቸው ትከሻ ላይ ተደግፈው፣ ቀናት ሙሉ ሰው ሁሉ ለምኗቸው እምቢ ካሉበት የጉድጓድ አፍ በፈቃዳቸው ተነሱ።

«በሉ ዞር ልበልላችሁ» አሉ፤ «ከብቶቹ ይጠጡ።»